«ይሄ መኪና ተቃጥሎ ነው እንዴ?» የአንድ ኤንትሬ ፎቶ የጉዳይ ጥናት

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ካፌ ከፍታለች። ግድግዳዋ ባዶ ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ፎቶ ትፈልጋለች። እኔ እንደለመድኩት የታንኳ፣ የፔሊካንና የጢስ ዓባይ ፎቶዎቼን ልላክልሽ ስላት አቋረጠችኝ። «ኧረ እሱን ተወው፤ በዚህ ከተማ የታንኳ ፎቶ ያልሰቀለ ማን አለ?» አለች። የምትፈልገው የአባቷን መኪና ነው። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። መኪናውም ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈውታል። አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ሣር ውጦት ቆሟል።

መኪናው ኤንትሬ ነው። ለማታውቁት፣ ፊያት 682 የሚባለው የጭነት መኪና ማለት ነው። ጣሊያኖች ማምረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ኤን 3 የሚለውን ሞዴል በቋንቋቸው «ኤነ ትሬ» ይሉታል፤ እኛ ጋ ኤንትሬ ሆኖ ቀረ። ዕድሜው ገፋ ካለ ሹፌር ጋር ቁጭ ብላችሁ ኤንትሬን ካነሳችሁ በረካው ሳይጠጣ አትነሱም።

ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። አንዴ ኤዲቱ ላይ፣ አንዴ ህትመቱ ላይ። የዛገ መኪና ፎቶ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል ብዬ ስለማስብ፣ እንዴት እንደገባሁና እንዴት እንደወጣሁ እንዳለ ልጻፈው።

ከቀኑ 8 ሰዓት

ጋራዡ ከዓባይ ማዶ ነው። አዲሱን ድልድይ በባጃጅ ተሻግሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደረስኩ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ሰዓቱ ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ገና ከአናት ብዙም አልራቀችም። የካቢናው ጣሪያ ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል፤ ከፓራፋንጎው (ከጎማው መከለያ) ሥር ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። ዝገት ደግሞ ሸካራ ነገር ነው። ሸካራነቱ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመታው ነው፤ ከላይ ሲወርድበት ጠፍጣፋ ይሆናል። ይሄን አውቃለሁ። ግን ማታ የማነሳው ልደት ነበረኝና ቸኩያለሁ።

የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ ባትላሜራ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪናውን «እሷ» ነው የሚሉት።

«ምን ልታደርጋት ነው?» አሉኝ፣ የካሜራውን ማቆሚያ ስተክል አይተው።

«ፎቶ ነው ጋሼ። ልጃቸው አዝዛኝ ነው።»

«አሁን አሮጊት ሆና? በደህናው ጊዜዋ ብታነሷት ምን ነበረበት?» አሉና የግራውን ፓራፋንጎ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄን ታያለህ? የእኔ እጅ ነው። ተገልብጣ ተጎትታ መጥታ ነው ያቃናሁት። እስከ ዛሬ የተጠገነ መሆኑን ያወቀ አንድ ሰው የለም።»

ይህችን ንግግራቸውን ያዙልኝ።

ወደ አርባ የሚሆን ፎቶ አነሳሁ። ካሜራው ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ በራው፣ ማለትም ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ ነው ያነሳሁት። ራው መሆኑ በኋላ ከብዙ ጣጣ አድኖኛል፣ የብርሃኑን ጥፋት ግን አላዳነውም።

የእሳት ምልክት

ማታ ከልደቱ ስመለስ ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም ከፈትኩ። ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልናገር። ክላሪቲ (ጠርዝን የሚያጎላው) 70። ዲሄዝ (ጭጋግ የሚገፈው) 35። የብርቱካን ቀለም ሳቹሬሽን (ድምቀት) 60። ሻዶው (ጨለማው ክፍል) እስከ ጥግ ወደ ላይ፣ ሃይላይት (ብሩሁ ክፍል) እስከ ጥግ ወደ ታች። በዚህ ላይ ደግሞ ከኢንተርኔት ያወረድኩት የሆነ ፕሪሴት፣ ማለትም ሌላ ሰው ያዘጋጀው የኤዲት ቅንብር። ስክሪኑ ላይ ሳየው በራሴ ኮራሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መኪናው ይንቦገቦጋል። ለጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ሁሉም የእሳት ምልክት መለሱልኝ። በኋላ ሳስበው ልክ ነበሩ።

ጠዋት ለባለ ካፌዋ ላክሁላትና ደወልኩ። ፎቶውን ከፍታ ዝም አለች። ከዚያ፦

«ይሄ መኪና ተቃጥሎ ነው እንዴ?»

«አይ፣ ዝገቱ ነው። ትንሽ ጎላ አድርጌው ነው።»

«እኔ የተቃጠለ መኪና ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም» አለች። «ሰው ቡና ሊጠጣ መጥቶ ይሄን ይይ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ደንበኛ ደግሞ ስለ ቀለም ምን ያውቃል አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ፎቶውን እንደገና ሳየው አፈርኩ። በነዚህ ዓመታት እኛ አካባቢ መንገድ ዳር የተቃጠለ መኪና ያላየ ሰው የለም። መኪና ሲቃጠል ቀለሙ ሁሉ ይሄዳል፤ ላሜራው ራቁቱን ይቀራል። ጤዛና ዝናብ ሲያገኘው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ብርቱካን ይሆናል። እኔ የሠራሁት በትክክል ያንን ነው። የካቢናውን ሰማያዊ ቀለም አደብዝዤ፣ ዝገቱን አንድ ዓይነት ብርቱካን አድርጌ፣ በእርጅና የቆመን መኪና በእሳት ገደልኩት። አባቷ በሰላም ነው ያቆሙት። እኔ ሌላ አሟሟት ሰጠሁት።

ነገሩ በቁጥርም ይታያል። እያንዳንዱ የፎቶ ነጥብ ሦስት ቁጥር አለው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ፤ ሁሉም ከ0 እስከ 255። ዝገት ላይ ቀዩ ከፍ ያለ፣ ሰማያዊው ዝቅ ያለ ነው። ሳቹሬሽን ስትጨምሩ ቀዩ ወደ 255 ይሮጣል፣ ሰማያዊው ወደ 0 ይወርዳል። ጥጉ ጋ ከደረሱ በኋላ መሄጃ የላቸውም። የተለያየ መልክ የነበራቸው ነጥቦች ሁሉ እዚያው ጥግ ላይ ይከማቻሉ። ቡናማው፣ ጥቁሩ፣ ሐምራዊ የመሰለው ዝገት ሁሉ አንድ ብርቱካን ይሆናል። ሂስቶግራሙን (እነዚህ ቁጥሮች የት እንደተከማቹ የሚያሳየውን ግራፍ) ከፍቼ ሳይ ቀዩ መስመር የቀኝ ጥጉን ታክኮ እንደ ግንብ ቆሟል። ማታውኑ ማየት ነበረብኝ። ክላሪቲው ደግሞ ካቢናው ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ጭጋግ የመሰለ መስመር ጥሎበታል፤ መኪናው ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ስልክ ላይ በስናፕሲድ የምትሠሩም ድራማ እና ኤችዲአር ስኬፕ የሚባሉትን ስትነኩ ይሄው ነጭ መስመር እንዳይመጣባችሁ ጠርዙን እዩ።

ከባትላሜራው ጋር

ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ያነሳሁትን በስልኬ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ሳቁብኝ።

«ይሄ እኮ የትናንት ዝገት ነው» አሉ። «እሷ የትናንት ናት?»

ከዚያ እጄን ይዘው መኪናውን አዞሩኝ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በዚያች ግማሽ ሰዓት የተማርኩትን ያህል ስለ ኤዲቲንግ ካየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ አልተማርኩም። ሰውየው ላይትሩም የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም።

ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል። አዲስ ዝገት ደማቅ ብርቱካን ነው፣ በጣት ስትነኩት ዱቄት ሆኖ ይለቃል። ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ቅርፊት እየሠራም ይነሳል። ስለዚህ ብርቱካኑ ያለው ውሃ አሁንም በሚያገኘው ቦታ ነው፤ የበሩ ታችኛው ጠርዝ፣ የመስታወቱ ጎማ ሥር፣ ቡለን ባለበት ሁሉ። ከቡለኖቹ ወደ ታች እንደ እንባ የወረደ መስመር አለ። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ በጣም ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ከሥር ሆኖ ይገፋዋል፤ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ያብጥና ይፈነዳል። ሽማግሌው አንዱን እብጠት በጥፍራቸው ነካ አደረጉት፤ ፍርፍር አለ።

«ጣና ጨው የለውም» አሉኝ። «የዚህ ሀገር ዝገት ሰነፍ ነው። ጎንበስ በልና ከሥር እያት።» ጎንበስ አልኩ። ሻንሲው ላይና የካቢናው ወለል ላይ ያለው ዝገት ሌላ ነው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ። «ይሄ የአሰብ ነው» አሉ። አሰብ እስከ 1990 ዓ.ም. ዋናው ወደባችን ነበር፤ አባቷም ብዙ ዘመናቸውን የጨረሱት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ጨው ያለበት እርጥበት ዝገትን ከንጹህ ውሃ በላይ ያፈጥናል። አንድ መኪና ላይ ሁለት ሀገር ዝገት። እኔ ሁለቱንም በአንድ ስላይደር ጨፍልቄያቸዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ዝገት ነው ብዬ ካደመቅኩት ውስጥ ዝገት ያልሆነ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰፊ ቀይ ቡናማ ቦታ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ነው፤ ላዩ ላይ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ተልጦ የታየ። ሥራውን አሁንም እየሠራ ያለ ቀለም ማለት ነው፣ የሞተ ብረት አይደለም። ቸርኬው ላይ ያለው ደግሞ ቀይ አፈር ነው። በብርቱካን ስላይደር ሦስቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። የሽማግሌው እጅም አንድ ፎቶ ላይ ገብቶ ነበርና እሱም አብሮ ብርቱካን ሆኗል። የሰው ቆዳ ቀለም እዚያው መስመር ላይ ነው ያለው።

እግረ መንገዴን አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ጓሮው ውስጥ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አለ። ሽማግሌው ጎኑን በመዳፋቸው መትተው «እሱ ዝገት የለውም፣ አልሙኒየም ነው» ሲሉኝ ፊቴ ተለዋወጠ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር ከጦርነቱ በኋላ ብረት እጥረት ስለነበር አካሉን ባብዛኛው በአልሙኒየም ቅይጥ ነው የሠሩት፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። አልሙኒየም ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ቢበላሽም ነጭ ዱቄት ነው የሚያወጣው። እኔ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የላንድሮቨር ፎቶ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የዝገት ቴክስቸር ለጥፌ ሸጫለሁ። ገዢው እስከ ዛሬ አልደወለም። መካኒክ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ባይመጣበት ነው።

ጤዛ

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡ በር ላይ ነበርኩ። ዘበኛው ዓይኑን እያሸ ከፈተልኝ። ከሐይቁ በኩል ስስ ጉም ነበር፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ትመጣለች። ቅርፊቱ ሁሉ የራሱን ትንሽ ጥላ ጥሏል። ከዚህ በላይ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ፤ መኪናው በጤዛ ርሷል። ርጥብ ነገር ከደረቁ ይልቅ ጠቆር ያለና ቀለሙ የጠለቀ ሆኖ ይታያል። ሳቹሬሽን 60 ያልሰጠኝን ቀለም ጤዛው በነጻ ሰጠኝ፤ ያውም ቡናማውን ቡናማ፣ ጥቁሩን ጥቁር እንዳደረገ። እኛ ሀገር ፀሐይ ቶሎ ከፍ ስለምትል ይሄ ብዙ አይቆይም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደርቋል።

አንድ ነጭ ወረቀት መኪናው ላይ አስደግፌ መጀመሪያ እሱን አነሳሁ። ለነጭ ሚዛን ነው። ካሜራው በራሱ ሲመርጥ ፍሬሙ በሙሉ ቡናማና ብርቱካን ስለሆነበት ብርሃኑ ሞቅ ያለ ይመስለውና ወደ ሰማያዊ ይጎትተዋል። የመጀመሪያው ቀን ፎቶዎች ላይ ዝገቱ ቀዝቃዛና ግራጫ መስሎ የታየኝ፣ እኔም ብርቱካኑን ያን ያህል የጨመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራው ያጠፋውን በሌላ ጥፋት ለማቃናት ስታገል ነበር ማለት ነው። ወረቀቱ የወረቀት መደብር ወረቀት ነው፤ የባለሙያ ግራጫ ካርድ ካላችሁ እሱ ይሻላል።

ኤዲቱን ከዜሮ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሚዛኑን ከወረቀቱ ወሰድኩ። ከዚያ በላይ ለዝገቱ ያደረግኩት ትንሽ ነው። የብርቱካኑን ሳቹሬሽን አልጨመርኩም፤ እንዲያውም 5 ቀነስኩ። ሉሚናንሱን (የቀለሙን ብሩህነት) ደግሞ 15 ዝቅ አደረግኩ፤ ዝገቱ ከበደ፣ ዕድሜ አገኘ። ክላሪቲን ትቼ ቴክስቸርን 25 ላይ አቆምኩት። ቴክስቸር ደቃቁን ሸካራነት ያወጣል፣ ጠርዝ ላይ ያን ነጭ ጭጋግ ያን ያህል አያመጣም።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ሰማያዊው ላይ ነው። ብርቱካንና ሰማያዊ ተቃራኒ ቀለሞች ናቸው፤ አንዱ አጠገቡ ካለ ሌላው ይደምቃል። የካቢናውን ሰማያዊ በጥቂቱ ሳጠናክረውና ትንሽ ሳጠቁረው ዝገቱ ሳልነካው ብድግ አለ። ስለዚህ ዝገት እንዲታይ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የተረፈውን ቀለም ተንከባከቡ። የተረፈ ቀለም የሌለው መኪና የተቃጠለ ነው የሚመስለው፤ ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቀለም የሚመርጠው ማስክ (ኤዲቱ የሚነካውን ቦታ የሚለየው መሣሪያ) እንደጠበቅኩት አንቲረስቱንም አፈሩንም ጠራርጎ ያዘ። በብሩሽ እየቀነስኩ አወጣኋቸው። አሰልቺ ነው። መሐል ላይ መብራት ጠፋና ባትሪው እስኪያልቅ ሠራሁ፣ የቀረውን በማግስቱ ጨረስኩ። ሣሩ ሌላ ችግር ነው። ክረምት እንደወጣ ነው፣ አረንጓዴነቱ ይጮኻል፤ ዓይን ከመኪናው ላይ ይነጥቃል። ቢጫውንና አረንጓዴውን ዝቅ አደረግኳቸው። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስና አንድ ፌስታል አጠፋሁ። ቸርኬው ሥር የምትጭር ዶሮ ነበረች። እሷን ተውኳት፣ ጓሮው የእሷም ነው።

ከዚያ ጽሑፉ መጣ። ከካቢናው መስታወት በላይ የሆነ ነገር ተጽፎበት እንደነበር አንድ ሁለት ጭረት ይታያል። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጌ ቀለሞቹን አንድ በአንድ ስሞክር ቀዩ ቻናል (ከሦስቱ ቁጥሮች የቀዩ ብቻ) ላይ ፊደል ብቅ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊደሎቹ ራሳቸው ተልጠው ወድቀዋል፤ ግን በነበሩበት ዘመን ከሥራቸው ያለውን ሰማያዊ ከፀሐይ ከልለውታል። ዙሪያው ነጥቶ ዱቄት ሲሆን እነሱ የነበሩበት ቦታ ጠቆር ብሎ ቀርቷል። «የእናቴ ም ቃት» ይላል። ር የለችም፤ እሷ የነበረችበትን ቦታ ዝገት በልቶታል።

ለባለ ካፌዋ ስልክላት ወዲያው ደወለች። «ምርቃት ነው! የእናቴ ምርቃት ነው የሚለው!» አለች። ከዚያ ር ፊደሏን ጨምርልኝ አለች። መጨመር ይቻላል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገርኳት። ግን የምጨምራት ር የእኔ ጽሕፈት ነው የምትሆነው፤ ያኔ በብሩሽ የጻፈው ሰው እጅ አይደለችም አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ተዋት በቃ፣ ሰው ራሱ ይሙላት» አለች። ያሉትን ፊደሎች ግን በትንሿ ብሩሽ፣ ኤክስፖዠሩን በጣም በጥቂቱ እየቀነስኩ፣ ቆም ብሎ ለሚያይ ሰው እስኪነበቡ ድረስ ጠቆር አደረግኳቸው። ይሄ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። ለእኔ የነበረን ነገር ማጉላትና ያልነበረን መጨመር አንድ አይደሉም፤ ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ ባይሆንም።

በዚሁ ሥራ ላይ እያለሁ የግራው ፓራፋንጎ ላይ አንድ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ አየሁ። ዙሪያው ሁሉ ተቆርሶ ዝጓል፤ እሱ ብቻ ለስላሳ ደሴት ሆኖ ቀርቷል። ስቱኮ ነው፤ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት። ስቱኮ አይዝግም። ቀን በ8 ሰዓት ብርሃን አይታይም ነበር፣ የጠዋቱ የጎን ብርሃን አጋለጠው፣ ቴክስቸሩ ደግሞ ጨረሰው። አላጠፋሁትም።

ህትመቱ

እዚህ ጋ ነው ለሁለተኛ ጊዜ ያበላሸሁት። ፋይሉን አዶቤ አርጂቢ በሚባለው የቀለም ስፋት አውጥቼ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። ብዙ ማሽን ፋይሉን ኤስ አርጂቢ (ከእሱ ጠበብ ያለው የተለመደው የቀለም ስፋት) ነው ብሎ ስለሚያነበው ቀለሙ የታጠበ ሸሚዝ መስሎ ይወጣል። ወጣም። በዚያ ላይ ጨለመ፤ እኔ ቤት ውስጥ የስክሪኔን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍቼ ስለምሠራ ሁሉም ነገር የበራ ይመስለኛል፣ ወረቀት ደግሞ የራሱ መብራት የለውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁ የሰጠሁትን አተመልኝ። አንድ ሜትር ባነር ከኪሴ ሄደ።

ሁለተኛ ጊዜ ኤስ አርጂቢ አወጣሁ። የስክሪኑን ብርሃን ነጭ ወረቀት አጠገቡ አስቀምጬ እኩል እስኪመስሉ ቀነስኩና ፎቶውን እንደገና በጥቂቱ አበራሁት። ሙሉውን ከማሳተሜ በፊት አንድ ስንዝር ቁራጭ አሳተምኩ፤ ሰማያዊው፣ ጥቁሩ ዝገትና ፊደሎቹ የሚገናኙበትን ቦታ መርጬ። በትንሽ ብር ብዙ ብር ያድናል። ቁራጩን ካፌው ወስጄ በቀን ብርሃንም በማታ አምፖልም አየነው። ካፌው በሐይቁ በኩል ሰፊ መስኮት ስላለው የሚያብረቀርቅ ነገር ከተሰቀለ መስታወት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ባነሩን ትተን የማያብረቀርቅ ሸራ አደረግነው። ስለ መጠኑ ለሚጠይቅ፣ ከቆረጥኩት በኋላ ስፋቱ ወደ 5,200 ነጥብ ነው፤ አንድ ሜትር ላይ በአንድ ኢንች ወደ 130 ነጥብ ይደርሳል። አፍንጫውን አስጠግቶ የሚያይ ካልሆነ በቂ ነው።

ተሰቀለ። ባለ ካፌዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ብዙም አልተናገረች። ቀሪ ክፍያዬን ግን በዚያው ሰዓት በቴሌብር አስገባችልኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌውን ቡና ልጋብዝዎት ብዬ ይዣቸው መጣሁ። ኮት ለብሰዋል። ፎቶው ፊት ቆሙ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀረቡ። እኔ ስለ ዝገቱ አንድ ነገር እንዲሉኝ እየጠበቅኩ ነው። ጣታቸውን ዘርግተው ፓራፋንጎው ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስቱኮው ነው ጋሼ። ስቱኮ ስለማይዝግ...»

«እኔን ነው የምታስተምረኝ?» አሉ። ዞር ዞር ብለው ሰው መኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ በዚያ በኮምፒውተርህ ልታጠፋት አትችልም?»

ባለ ካፌዋ ስኒ እየደረደረች ሰምታ ኖሮ ሳቀች። «ጋሼ፣ አባቴ እኮ ያውቅ ነበር። ክዳኑ እያለ ነበር የሚጠራው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው እሷን አዩ፣ ከዚያ ፎቶውን አዩ።

«አየህ ይሄን ሰውዬ!» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ትንፍሽ ሳይለኝ!»

ቡናውን እኔ ከፈልኩ።